ሰላምታ ያበዛሁበት ሰርቨር

የመሄዴ ዋዜማ፣ ማታ፣ ከጊዮርጊስ ጀርባ ያለው ቤታችን መቀመጫ ጠፍቶበት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበተኝ መጥቷል፤ እናቴ በሰው መሀል እየተሹለከለከች ሻንጣዬን በርበሬ ትሞላለች።

"እማዬ፣ ናይሮቢ እኮ ነው የምሄደው፣ ገዳም አይደለም!"

"ዝም በይ! እዚያ ምን ይበላል ብለሽ ነው?"

ሳቅን፤ ከዚያ ፊታችንን አዙረን አለቀስን።

ሞያሌ ድንበር ላይ ፈታሹ ሻንጣዬን ሲከፍት አስነጠሰው።

"ይሄ ሁሉ ለስንት ሰው ነው?"

"ለእኔ።"

"ለአንቺ ብቻ? ስንት ዓመት ልትኖሪ ነው?"

"እሱን እንኳ እናቴን ይጠይቋት" አልኩ። እያስነጠሰ አሳለፈኝ።

ናይሮቢ አየሩ ከእኛው ብዙም አይርቅም። ሰዓቱም ያው ነው፤ ስዋሂሊ ጠዋትን እንደኛ አንድ ሰዓት ብሎ ይጀምራል። ይህን ያወቅሁ ቀን ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ምግቡ ላይ ግን አልተስማማንም። ኡጋሊ ማለት ቅቤም በርበሬም የተረሳበት ገንፎ ነው፤ ሻዩን ደግሞ ከነወተቱ ያፈሉታል፤ ፒያሳ ማኪያቶ ጠጥቶ ላደገ ሰው ቅጣት ነው።

አራት ኪሎ የተማርኩት ኮምፒውተር ሥራ አስገኝቶልኛል፤ ግን ለሦስት ወር ሙከራ። ካለፍኩ ድርጅቱ የሁለት ዓመት የሥራ ፈቃድ ያወጣልኛል፤ ከወደቅሁ ወደ እናቴ ቤት ነው። አለቃዬ ዋንጂሩ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። የጥርስ ሐኪም ቤት ድረ ገጽ ሰጠችኝ። ታካሚዎች በስልካቸው ፎርም እየሞሉ ተራ ይጠብቃሉ፤ ተራቸው መድረሱን ለማየት ሲሞክሩ ግን ገጹ በሙሉ እንደ አዲስ ይከፈታል፤ የጻፉትም ይጠፋል። የእኔ ሥራ ገጹ ሳይነቃነቅ የተራውን ቁጥር ብቻ መረጃው ከተከማቸበት ዳታቤዝ የሚያመጣ ተላላኪ ፕሮግራም መሥራት ነው። ፒያሳ ካፌ ማኪያቶ ስታዙ አስተናጋጁ ከባንኮኒው ያመጣላችኋል እንጂ ወጥታችሁ እንደገና አትገቡም አይደል? ነገሩ እሱ ነው።

ሠራሁት። ፎርሙ ባለበት ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ሲቀየር ሳይ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። በማግስቱ ጠዋት ሐኪም ቤቱ በሰው ሲሞላ ገጹን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ቀጥ አለ። የሙከራዬ የመጨረሻ ሳምንት ነው።

ዋንጂሩ ኮዴን ከፍታ አየችው።

"እያንዳንዱ ስልክ በሰከንድ አምስት ጊዜ 'ተራዬ ደረሰ ወይ?' ይላል። መልሱን እንኳ አይጠብቅም። ለምን?"

ልዋሽ ፈልጌ ውሸቱ አልመጣልኝም። "እኛ አገር አንድ ጊዜ ጠይቆ ዝም የሚል ሰው የተቀየመ ሰው ነው። ደኅና ነሽ፣ እንዴት ነሽ፣ ሰላም ነሽ እንላለን፤ መልሱ ሳይመጣ እንደግማለን። ቶሎ ቶሎ መጠየቅ ትጋት መስሎኝ ነው።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት። "ለሰው ጥሩ ነው። ይሄን ምስኪን ግን ገደልሽው። እስከ ምሳ አስተካክይ።"

ላቤ ጠብ እያለ አስተካከልኩ። አንዴ ይጠይቃል፣ መልሱን ይጠብቃል፣ ሃያ ሰከንድ ያርፋል፣ ከዚያ ይደግማል። ሰርቨሩ ነፍስ ዘራ። ዓርብ ዕለት ዋንጂሩ የፈቃዱን ማመልከቻ ፈርማ ሰጠችኝ፤ ደረጃውን እየዘለልኩ ወርጄ ለእናቴ ደወልኩ።

"እማዬ፣ አለፍኩ! ሁለት ዓመት መሥራት እችላለሁ!"

እልልታዋ ጆሮዬን ሊያደነቁረው ነበር። ለጎረቤት ተጣራች፣ መረቀችኝ፣ ደግማ መረቀችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጊዮርጊስ ሄጄ እንድታልፊ ስጸልይ፣ መሀል ላይ ከአፌ አምልጦኝ፣ 'ካልሆነም ቤቷ መልስልኝ' ብዬው ነበር። የቱን እንደሰማኝ ዛሬ ገና ማወቄ ነው።"

"እንኳን ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ሰማሽ፣ እማዬ" አልኳት።

"እንኳን ሰማኝ" አለች። ስልኩን ግን ሁለታችንም አልዘጋነውም።