አባቴን የቀበረው ጓደኛው

አባቴ በሶማሊያው ጦርነት ካራማራ ግርጌ ሲወድቅ እኔ ገና አልተወለድኩም። አሟሟቱን የምናውቀው ከአንድ ጓደኛው አፍ ነው። «መድፍ መታው፣ ነፍሱ ደረቴ ላይ ወጣች፣ በእጄ ቀበርኩት» ይለን ነበር። ሰውየው የወንድሜ የክርስትና አባት ነው፤ ጋሼ እንለዋለን። ከጦርነቱ በኋላ እኛ በምንኖርበት ጅጅጋ ቀርቶ ሱቅ ከፈተ። ለበዓል ሙክት እየጎተተ ይመጣል፤ ሳጠፋም የሚቆነጥጠኝ እሱ ነበር። እወደው ነበር፤ ይህን ስጽፍ ያንገበግበኛል።

እናቴ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቃብሩን እንዲያሳያት። አፅሙን ቤተ ክርስቲያን አግብታ፣ ስትሞት ከጎኑ ልትተኛ። እሱ ምክንያት አያጣም። ፈንጂ አለ፣ ቦታው ጠፍቶኛል፣ መንገዱ አይመችም። መንግሥት ተለወጠ፣ ከተማው በባጃጅ ተሞላ፤ እሱ ያው ነው። እሷም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ናት። በመጨረሻ ስኳር በሽታ ይዞት እግሩ ሲቆስል፣ አንድ ጠዋት ራሱ መጥቶ «እንሂድ» አለ።

በቦታው ግመሎቹን የሚያሰማራ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ፈቀደልን፤ ከወንድሜ ጋር አብሮ ቆፈረ። ጋሼ አላመነታም። በቀጥታ ሄዶ ከአንድ ግራር ሥር መሬቱን በከዘራው ነካው።

ጉድጓዱ ወገብ ሳይደርስ አፅሙ ወጣ። የሁለቱ እጆች አጥንት ከወገቡ በስተኋላ በስልክ ሽቦ ተጠፍሯል። ራስ ቅሉ ከማጅራቱ በላይ ተበስቷል። ሽማግሌው አካፋውን ጥሎ «ሆዮ፣ እናቴ፣ ይህን አትዪ» አላት። እሷ ግን አይታለች።

ወንድሜ ጋሼን በአካፋው ጀርባ አገጩ ላይ መታውና ዘረረው፤ ከዚያ በእርግጫ ጎድኑን፣ የቆሰለ እግሩን። ጋሼ ደም ከነጥርሱ ተፋ። እኔም ድንጋይ ወረወርኩ፤ ትከሻውን አገኘሁት። ደስ አለኝ፤ ሌላ አነሳሁ። ሽማግሌው ወንድሜን ከወገቡ ይዞ ሲታገል ጋሼ መሬት ላይ ሆኖ ይንሰቀሰቃል።

«ወደ ኋላ ሸሸ ተባለ። አለቃችን አንተ ተኩስ፣ አለዚያ ከጎኑ ትቆማለህ አለኝ።»

እናቴ ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ሽቦውን በጥፍሯ ፈታች። ጣቶቿ ደሙ። ቀና ሳትል «ተዉት፤ ነገ ለቀብሩ እፈልገዋለሁ» አለችን።

በማግስቱ የእድሩ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰበ። በእኛ ዘንድ ወታደር ሲቀበር ጓደኛው ይፎክርለታል፤ የት ዋለ፣ ማንን ገደለ፣ እሱን እያነሳ ነው የሚሸኘው። ጋሼ ፊቱ አብጦ ከሰው ኋላ ቆሟል፤ ባጃጅ ተገልብጦበት ነው ተብሏል። ፍትሐቱ ሲያልቅ እናቴ ሣጥኑ ላይ እጇን ጭና ጠራችው።

«ና ፎክር እንጂ። ማንን እንደገደልክ ንገራቸው።»

እያነከሰ ወጣ። ከዘራውን አነሳ። «ዘራፍ» አለ፤ ድምፁ ከዳው። እንደገና «ዘራፍ» አለ።

«የታሰረ ሰው ገዳይ። የወንድሜ ገዳይ፣ ከኋላው።»

እድርተኛው እርስ በርሱ ተያየ። እናቴ እጇን ከሣጥኑ ላይ አነሳች።

«አሁን ቅበሩት» አለች።