ክፍል ሁለት ሲቀረጽ

ታላቅ እህቴ ከአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ከወጣች ቆየች። ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ አብረን ነው የምንኖረው። የሒሳብ መምህርት ናት፤ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፣ መድኃኒቷንም ሳታቋርጥ ትወስዳለች።

እኩያዬ የሆነ የጎረቤታችን ልጅ ፊልም ይሠራል። የመጀመሪያው አስፈሪ ፊልሙ በዩቲዩብ ብዙ ተመልካች ስላገኘ ክፍል ሁለትን ሊቀርጽ ተነሣ። አንድ ቀን ቤት መጥቶ ታሪኩን ነገረን። በክፍል አንድ የሞተችው ነርስ መንፈስ ሆና ትመለሳለች፤ ቦታው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። እኔን የፈለገኝ ከበሽተኞቹ አንዷን ሆኜ እንድተውንለት ነበር። ደነገጥሁ። እህቴን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። ምስር እየለቀመች ነው።

«ሥሪለት እንጂ» አለች ቀና ሳትል። «እኔም መጥቼ አያለሁ።»

ቀረጻው ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ፣ ግንባታው በተቋረጠ ቤት ውስጥ ሆነ። ከጀርባው የጤፍ ማሳ፣ ከፊቱ የቆርቆሮ አጥር ነው። አንዱን ጠባብ ክፍል ነጭ ቀብተው፣ መስኮቱን በጣውላ ዘግተው፣ መቀርቀሪያው በውጭ በኩል የሆነ የብረት በር ገጥመውለታል። በሩ ላይ እጅ የምታሾልክ ቀዳዳ አለች። የእኔ ሥራ በእሷ እጄን አውጥቼ መጮህ ነው። ካሜራው ኮሪደሩ ላይ ሆኖ የሚያየው በሩንና እጄን ብቻ ነበር። የመንፈሷን መምጣት ለማሳየት ደግሞ እኔ ባለሁበት ክፍል ውስጥ በቆርቆሮ ጣሳ እርጥብ ገለባ አጨሱ።

«ካት እስክል ድረስ እንዳታቆሚ» አለኝና በሩን ዘጋው።

«ክፈቱልኝ፣ እኔ ደህና ነኝ» እያልሁ ጀመርሁ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ አፍሬ ነበር። ከዚያ ጭሱ ወፈረ። ከዚያች ቀዳዳ በቀር መውጫ የለውም። ጉሮሮዬን ያዘኝ፣ ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ። ቆርቆሮውን በእግሬ ላርቀው ስል ተገለበጠና ገለባው ወለሉ ላይ ተበትኖ ይባስ ጨሰ።

«አቁሙ፣ ትወና አይደለም፣ ታፈንሁ» አልሁ።

«በጣም ጥሩ፣ እንደዚያው ቀጥዪ» ሲል ሰማሁት።

ስሙን ጠርቼ ለመንሁት። እናቱን ጠርቼ ለመንሁት። ይበልጥ በጮህሁ ቁጥር እነሱን ይበልጥ ደስ እያላቸው እንደሆነ ገባኝ። ሌላ የምለው ጠፋኝ፤ የነበረኝ ቃል ሁሉ የምተውናት በሽተኛም የምትለው ነው። እጄን አስገባሁና ወለሉ ላይ ተኝቼ አፍንጫዬን ከበሩ ሥር ካለው ስንጥቅ ጋር አጣበቅሁ። ጉልበት ስላጣሁ ዝም አልሁ።

ያን ጊዜ የእህቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ክፈቱላት።»

«እትዬ፣ ይረጋጉ፤ እየተወነች እኮ ነው።»

«ቅድም ትተውን ነበር። አሁን ዝም ብላለች። ክፈት።»

«ቀረጻው ይበላሻል፣ ትንሽ ብቻ…»

የጫማዋ ድምፅ ወደ በሩ መጣ። መቀርቀሪያው አዲስ ስለነበር እንቢ አላት። በጡብ ስትደበድበው ብረቱ ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር። በሩ ሲከፈት እግሯ ላይ ወደቅሁ።

ውጭ አሸዋ ክምር ላይ አስቀምጣ ውኃ አጠጣችኝ። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ ከፊታችን ቆመ። ይቅርታ ጠየቀን፤ ሂድ አለችውና ሄደ።

«ሆስፒታል የገባሁ ሰሞን» አለችኝ፣ «መድኃኒቱ መንጋጋዬን ቆለፈው። አንገቴም ወደ ኋላ ዞረ። መድኃኒቱ ነው እላለሁ፣ ቃሉ ግን ተሰባብሮ ነው የሚወጣው። በሽታዋ ነው አሉ። አልጋው ላይ ያዙኝ።»

«ከዚያስ?»

«ዝም አልሁ። ሌላ ሐኪም ተረኛ ሆኖ ገባና ገና ሲያየኝ የመድኃኒቱ ጠንቅ መሆኑን አወቀ። መርፌ ሲወጋኝ መንጋጋዬ ወዲያው ተላቀቀ።» አሸዋውን ከቀሚሴ አራገፈችልኝ። «ዝም ስትይ የመጣሁት ለዚያ ነው።»

በሳምንቱ ልጁ ቀረጻውን በላፕቶፕ ይዞ መጣ። አጥፋው ካላችሁኝ አጠፋዋለሁ አለ። እህቴ መጀመሪያ እንየው አለችው። እጄ በቀዳዳው ይወራጫል፤ ከዚያ ይጠፋል። በሩ ብቻውን ብዙ ይቆያል። በመጨረሻ ጡብ የያዘች ሴት ከጀርባዋ ትታያለች።

«ጀርባዬ ይህን ያህል ወፍሯል?» አለች እህቴ። ልጁ ይሳቅ አይሳቅ ቸገረው። ከዚያ፣ «እሷን ጠይቃት፤ የእሷ ጩኸት ነው» አለችው።

አጥፋው አልሁት። ዓይኔ እያየ አጠፋው። ፊልሙም ያለ እኔ ወጣ፤ በእኔ ቦታ ሌላ ሴት ትጮኻለች ይላሉ። አላየሁትም።

ገላዬን ስታጠብ አሁንም በሩን ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ። የቢሯችን ሊፍት ሲዘጋ ላብ ያጠምቀኛልና በደረጃ ነው የምወጣው። እህቴ አንድም ቀን ለምን አላለችኝም። በመታጠቢያ ቤቱ በኩል ስታልፍ ብርዱ እየገባ እንኳ በሩን አትዘጋውም።