የደሴ ሦስት ማይል

ወንድሜ ደሴ አውሮፕላን አብራሪ ሊሆን ትንሽ ነበር የቀረው። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሰው «አይዞህ፣ ዕድሉ ነው» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። የምን ዕድል!

በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ደሴ ከጎንደር በስተደቡብ ባለው በአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፖስታና መድኃኒት በሚያመላልስ አንድ ትንሽ ድርጅት መካኒክ ነበር። ድርጅቱ አንዲት አሮጌ አውሮፕላን ለልምምድ ይሰጠዋል። በደመወዝ ለማብረር ፈቃድ የሚያገኘው ሃምሳ ሰዓት አገር አቋራጭ በረራ ሲሞላ ነው። አገር አቋራጭ የሚባለው ደግሞ ተነሥቶ፣ ከሃምሳ የአየር ማይል በላይ የሚርቅ ሌላ ሜዳ ላይ ካረፈ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰማይ ላይ ሲዞር ውሎ አዘዞ ቢመለስ አይቆጠርለትም።

«ደብረ ታቦር ወይስ ደባርቅ? ምረጥ» አሉት። እኔ ያኔ የደባርቅ ስልክ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ። ደወለልኝ።

«አያ ማሩ፣ ደባርቅ ይበቃል ወይ?»

«ምነው አይበቃ? ሃምሳ ማይሉ ዘጠና ሦስት ኪሎ ሜትር ነው አላልኸኝም? ጣሊያን መንገድ ዳር የተከለው የኪሎ ሜትር ድንጋይ ከጎንደር መቶ ይላል። አዘዞ ሲጨመርበት ደግሞ ተወው! ይልቅ ና፣ ምሳም አብረን እንበላለን።»

እኔን አምኖ ደባርቅን መረጠ። ሁለት ዓመት ተመላለሰ። መንገድ ላይ ኮሶዬ ተራራ ጉም ሲዘጋበት ይመለሳል፣ ሲገለጥ ይመጣል። እኔ ከሜዳው ከብት አባርርለታለሁ፤ ሲያርፍ መዝገቡ ላይ እፈርማለሁ። አርባ ጊዜ ፈርሜያለሁ፣ ያውም በደስታ። ድርጅቱ ውስጥ ሰዓቱን የሚደምር እንጂ ርቀቱን የሚለካ አልነበረም።

ሰዓቱ ሲሞላ ፈቃዱን የሚሰጠው ፈታኝ ከአዲስ አበባ መጣ። ካርታ ዘርግቶ ማስመሪያ አስቀመጠበት።

«አርባ ሰባት ማይል» አለ።

«መንገዱ እኮ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ጌታዬ!» አለ ደሴ።

«መንገዱ ይጠማዘዛል። እኛ የምንለካው በቀጥታ ነው።»

ደብረ ታቦርንም ለካው። ሃምሳ ሦስት ሆነ። ምናለ ያን እንኳ ባይለካው!

ከደባርቁ ሰዓት አንዲቱም አልተቆጠረች። በዚያው ወር ድርጅቱ ተዘጋ፣ አውሮፕላኗም ተሸጠች። ደሴ የሚለማመድበት ሌላ አውሮፕላን አላገኘም። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የደባርቅ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ባለፈው ከጎንደር ተሳፍሬ ከኋላው ተቀመጥሁ። ኮሶዬን እንዳለፍን አንዲት ባልቴት፣ «ልጄ፣ ደባርቅ ስንት ቀረ?» ብለው ጠየቁት።

በመስታወቱ አየኝ።

«እሱን ይጠይቁት እማማ» አላቸው።

ባልቴቷ ወደ እኔ ዞሩ። የዚያን መንገድ ድንጋይ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። «በመንገዱ ነው ወይስ በቀጥታ፣ እማማ?» አልኋቸው።