ለስፌት መኪናዋ የምትናገረው ምራት

የሟች ባለቤቴን ሸሚዞች የትራስ ልብስ አድርጌ ላሰፋ ጎረቤት መንደር ሄጄ ነው ያየኋት። ደጃፉ ላይ፣ ብርሃን በሚገኝበት በኩል፣ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። ቀይ ክንብንቧ እስከ አገጯ ወርዷል። በእኛ በራጃስታን ገጠር ምራት የባሏ አባት ባሉበት ፊቷን አትገልጥም፤ እሳቸውንም አታናግርም። ስለዚህ የምትናገረው ለመኪናዋ ነው።

አማቷ አጠገቧ የገመድ አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። "ይሄ መኪና ዛሬውኑ ጓዳ ይግባ! ደጃፌን ገበያ አደረጋችሁት" አሉ። ጓዳው ጨለማ ነው። እዚያ ከገባች ስፌቱም፣ ከስፌቱ የምታገኘው ገቢም ያበቃል።

እግሯ ከመርገጫው አልተነሳም። "መኪናዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "ለሰርጉ የምንሰፋው የአባባ ኩርታ አለ አይደል? በጨለማ እጅጌውን አንገቱ ላይ ብንገጥመው እንግዲህ እንዳይቀየሙን።"

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "እህቴ፣ ሰማሻት? በመኪና ታስፈራራኛለች!"

"እኔ የሰማሁት የመኪናውን ድምፅ ብቻ ነው" አልኩ።

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ተነሡና መኪናውን ትተው የራሳቸውን አልጋ እየጎተቱ ጓዳ ገቡ።

ልጅቷ ኮቴያቸው እስኪርቅ ጠብቃ ክንብንቧን ገለጠች። አፍንጫዋ ላይ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ተቀምጧል።

"ከተዳርኩ ጀምሮ አባባ ይሄን አይተውት አያውቁም፣ እማማ" አለች ክር በመርፌው እያሾለከች። "ቢያዩት ኖሮ 'ዕውር ሰጡን' ብለው ገና ድሮ ይመልሱኝ ነበር።"