የአዋላጇ ቁርጠት

ነርስነት የተማርኩት ጎንደር ነው፤ ውሸት ያስተማሩኝ ግን ደምቢያ ውስጥ ያገኘኋቸው አንዲት አሮጊት የልምድ አዋላጅ ናቸው። ሁለቱም ትምህርት እኩል ጠቅሞኛል።

ከትምህርት ቤት በወጣሁ በዓመቱ ቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ነጭ ጋውኔን ስለብስ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አዋላጇ ደግሞ የአካባቢውን ሰው ግማሹን በእጃቸው የተቀበሉ ናቸው። መጀመሪያ ስንገናኝ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ «ልጄ፣ ወልደሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «አላውቅም» ስላቸው፣ «ምነው ታዲያ ልታስተምሪኝ መጣሽ?» አሉ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳቸው። በኋላ ግን ተዋደድን፤ የሚያስቸግር ሆድ ሲገጥማቸው ይጠሩኝ ጀመር።

አንድ ጥር ላይ ከቆላ ድባ ወጣ ባለው መንደራቸው የጎረቤታቸውን ምራት አሳዩኝ። ሁለት ልጆቿ በምጥ ሞተውባታል፤ ሦስተኛውም በአግድም ተኝቷል። ወሯ ገብቷል። እሳቸው በእጃቸው፣ እኔ በማዳመጫዬ አንድ ነገር ላይ ደረስን፤ ቤቷ ከወለደች እሷም ልጁም አይተርፉም። ከጎንደር ለጉብኝት የመጡት ሐኪምም አይተዋት፣ «ምጥ ሳይጀምራት አምጡልኝ» ብለው ሄደዋል።

ችግሩ የባሏ አባት ነበሩ። ባልየውማ የአባቱን ፊት ሳያይ ውሃም አይጠጣ። እሳቸው ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ምጥ ያልያዛት ሴት ሐኪም ቤት ምን ልትሠራ? የቤቴ ሴት ወንድ ፊት አትወልድም» ብለው ጨርሰዋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ስለ ማህፀን ሰበክሁ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ከግቢው ስንወጣ ግን አዋላጇ፣ «ነገ ጧት እኔን ያመኛል» አሉኝ።

እውነትም አመማቸው። በማግስቱ ማለዳ ከሰውየው ደጃፍ ላይ ሆዳቸውን ይዘው ወደቁ። ተጠርቼ ደረስኩና ነካ ነካ አድርጌያቸው ፊቴን አጠቆርኩ። «ክፉ ቁርጠት ነው፤ ጎንደር ካልደረሱ አይተርፉም» አልኩ። አሮጊቷ በአንድ ዓይናቸው አዩኝና ይብስ አቃሰቱ። ከዚያ ወደ ነፍሰ ጡሯ እየጠቆሙ፣ «ያለዚች ልጅ አልሄድም፤ ውሃ የምታቀብለኝ ማን አለኝ?» አሉ። የሰውየውን ልጆች በሙሉ ያዋለዱ ሴት ናቸው። እምቢ ቢባሉ አገር ይታዘባል።

አባትየው ቃሬዛ አስመጡ። ጠንካራ ጠንካራ ጎረምሶች መርጠው ከፊት በኩል ራሳቸው ተሸከሙ። ምራታቸውን በራሳቸው በቅሎ ላይ አስቀመጧትና ልጃቸውን፣ «ቀስ አርገህ ሳብ» ብለው ተቆጡት። እስከ ቆላ ድባ አንድ ጊዜም አላረፉም። ከዚያ በእህል ካሚዮን ጎንደር ገባን። መንገዱን ሁሉ አዋላጇ ያቃስታሉ፤ ሲረሱት በክርኔ ጎሸም አደርጋቸዋለሁ።

ሐኪሙ ልጅቷን አይተው በቀዶ ጥገና እንድትወልድ ወሰኑ። ለዚያ ግን የቤተሰብ ፈቃድ የሚሰጥበት ወረቀት አለ፤ ባልየው ያለ አባቱ ጣቱን አያሳርፍም። ወረቀቱንና ቀለሙን ይዤ ወደ ግቢው ወጣሁ። አባትየው ነገሩ ከገባቸው ልጅቷን ይዘዋት ይመለሳሉ፣ እሷም ትሞታለች። ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ውሸት አዘጋጀሁ።

«አያ፣ የእትዬ ሆድ ሊቀደድ ነው። ዘመድ ስለሌላቸው እርስዎ ጣትዎን ያሳርፉላቸው» አልኳቸው።

ወረቀቱን ገልብጠው ገላልጠው አዩት፤ ማንበብ አይችሉም። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አሮጊቷ ከደጄ ስትወድቅ ድንጋይ ድንጋዩን ትታ ሳሩን መርጣ ነው የወደቀች» አሉ።

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ሆነና ተፋጠጥን። በመጨረሻ፣ «ታዲያ ምነው ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«በሰው ፊት አይሆንም ብያለሁ። በሰው ፊት ይሁን ማለት አቃተኝ።» አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑ። «ሁለቱ ክርስትና ሳይነሡ ነው የሞቱ። ከጓሮዬ እኔው ነኝ የቆፈርሁላቸው። ሦስተኛ አልቆፍርም።» ጣታቸውንም አሳረፉ፤ እንዳይሳት ብለው ነው መሰለኝ፣ ሁለት ጊዜ።

ይህን ለአዋላጇ ስነግራቸው ተናደዱ። «ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ያቃሰትሁት ለማን ነው ታዲያ?» አሉ። ልጅቷ እጃቸውን አልለቅም ስላለች ሐኪሙ ጋውን አስለብሰው አስገቧቸው። አዋላጇ በጋውኑ ቢኮሩም ኩርፊያቸውን አልተዉም።

ከቀትር በኋላ ወደ ግቢው ወጣሁ። አባትየው ከግንቡ ሥር ቆመዋል። በዚያ ዘመን አያት ሁሉ የሚጠይቀው ወንድ ነው ሴት ብሎ ነበርና መልሴን አዘጋጅቼ ቀረብኳቸው።

«አለቀሰ?» አሉኝ።

«አለቀሰች፣ አያ። እናቷም ደህና ናት፤ ልጂቱ ግን እስካሁን አላቆመችም።»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።