ከልዑል ቤት ያልወጣው ብራና

መጀመሪያ የተቀጠርኩት ለጥበቃ ነበር። ሱቁ ላስ ቬጋስ፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል የገበያ አዳራሽ ውስጥ፣ በከረሜላ መደብርና በፀሐይ መነጽር ሻጭ መካከል ነው። አሮጌ መጽሐፍ፣ አሮጌ ደብዳቤና አሮጌ ካርታ ይሸጣል። ባለቤቱ ዳግ ይባላል፤ ቁመቱ ረጅም፣ ትዕግሥቱ አጭር የሆነ ሰው ነው።

በዚያው የመጀመሪያ ቀን ዳግ አንድ ወፍራም የብራና መጽሐፍ አንሥቶ "ያዝልኝ" አለኝ። ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝ። ብራናው እጄ ላይ ሲያርፍ ሳላስበው ስሜ በግንባሬ ተሳለምኩት። ሁለት ቱሪስቶች ፎቶ አነሱኝ። ዳግ ደንግጦ ነጠቀኝ፤ ቱሪስቶቹ ሲያጨበጭቡ ግን መልሶ ሰጠኝና "እስቲ ድገመው" አለኝ። የተሳለምኩት የአንድ የጥንት መንደር የአሳማ ግብር መዝገብ መሆኑን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ለንስሐ አባቴ እስከ ዛሬ አልነገርኩም።

በእኛ ሥራ ብራና የሚነካው ታጥቦ በደረቀ ባዶ እጅ ነው። ጓንት ጣትን ያደነዝዛል፣ የመጽሐፉንም ቅጠል ያስቀድዳል። ደንበኛ ሲገባ ግን ዳግ "ጓንት!" ይላል፤ ሰው በፊልም ያየው ነጭ ጓንት ነውና። ደንበኛው ሲወጣ አውልቀን ወደ ሥራችን እንመለሳለን። የተከፈተ ገጽ እንዳይዘጋ የምናስቀምጥበት፣ ክብደት እንዲኖረው የእርሳስ ብረት ፍሬ የተሞላ ረጅም የጨርቅ ገመድ አለ፤ "እባብ" እንለዋለን። ዳግ በሁለተኛው ቀን "ተካ፣ እባቡን አምጣው" ሲለኝ እንደ ጥበቃ ሠራተኛ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ደንበኞችን ከሱቁ ማስወጣት ነው።

ጥበቃ ላይ ሁለት ዓመት ቆየሁ፤ ከዚያ መደርደሪያ አስተካካይ፣ ከዚያ የካታሎግ ረዳት ሆንኩ። በዕረፍት ቀኖቼ ኮሌጅ ገብቼ ላቲን ተማርኩ። ክፍል ውስጥ ከአስተማሪያችን በዕድሜ የምበልጠው እኔ ብቻ ነበርኩ። ግዕዝን በቁንጥጫ የተማረ ሰው ላቲንን በፈገግታ ሲያስተምሩት ትንሽ ይጠራጠራል፤ ቢሆንም ገባኝ።

የአንድ ጥንታዊ መጽሐፍ መግለጫ ሁለት ዋና ነገር ይይዛል። አንዱ በውስጡ ምን እንደተጻፈ ነው። ሌላው ከተጻፈ ጀምሮ በማን እጅ እንዳለፈ ነው። የመጀመሪያው ላቲን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ነገረኛነት ይጠይቃል። ሁለቱንም እኔ እየጻፍኩ የሚፈርመው ግን ዳግ ነበር።

በሰባተኛው ዓመት ዳግ አንዲት መዳፍ የምታህል የላቲን ብራና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ "ከልዑል ቤት የወጣ የጸሎት መጽሐፍ" የሚል ካርድ ተለጥፎባት ወራት የቆየች ናት። "ተሽጣለች። ገዢው ቅዳሜ ይወስዳታል። ሙሉ መግለጫ ጻፍላት። በዚህኛው ላይ አንተ ትፈርማለህ" አለኝ። ደስታዬን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገብቼ እጄን ሁለቴ ታጠብኩ።

በማግሥቱ ሳምሶን ደወለልኝ። ሳምሶን ሮድስ ራንች በሚባል ሰፈር የሚኖር የጥርስ ሐኪም ነው። ሱቁ ከመቀጠሬ በፊት ከአባቱ ጋር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ካዚኖ በር ላይ ሺፍት እየተቀያየርን መታወቂያ ቼክ እናደርግ ነበር። ልጁ እዚሁ የተወለደ ነው። አማርኛውን የተማረው እናቱ ስትቆጣው ስለሆነ ሰላምታውም ትንሽ ቁጣ ቁጣ ይላል።

"ጋሼ፣ አንድ ፌቨር እፈልጋለሁ" አለኝ። "ጁሊያ የምትባል ልጅ ላገባ ነው። አባቷ በጣም ስትሪክት ነው። እዚህ ሄንደርሰን ከተማ ሠላሳ ዓመት ላቲን ያስተማረ ቲቸር ነው። እማዬ ደግሞ ሽማግሌ ካልተላከ ሠርግ የለም አለች። እርስዎና ጋሽ በቀለ ሄዳችሁ ትጠይቁልኛላችሁ። ስጦታውን ከእናንተ ሱቅ ኦልሬዲ ገዛሁት።"

"ምን ገዛህ?"

"የፕሪንሱን ቡክ። ለአባቷም በስልክ ነገርኩት፤ ከሮያል ፋሚሊ የመጣ ነው አልኩት።"

መጽሐፏን እስከዚያ ሰዓት ገና በደንብ አላየኋትም ነበር። ስልኩን ዘግቼ ማጉያ መነጽሬን አወጣሁ።

ይዘቷ ይህ ነው። መጀመሪያ የበዓላት መቁጠሪያ አለ። ቀጥሎ ለታመመ ሰው የሚደገም ጸሎት፣ ከዚያ የመድኃኒት ቅጠሎች ዝርዝር፣ መጨረሻ ላይ የአንሶላና የድስት ቆጠራ አለ። ለጥርስ ሕመም የሚታዘዘው መድኃኒት የአንድ ተክል ፍሬ ጭስ ነው፤ በሽተኛው አፉን ከፍቶ ይታጠናል፣ ጥርሱን የሚበላው ትልም ይወድቃል ይላል። ከሁሉ ገጽ ይበልጥ የጣት እድፍ ያለበት ይኸው ገጽ ነው። አንሶላ የሚቆጥር ልዑል አላውቅም።

የልዑሉ ማስረጃ በመጀመሪያው ቅጠል ላይ በሰማያዊና በወርቅ የተሳለ፣ የመሳፍንት ቤት መለያ የሆነ የጋሻ ምልክት ብቻ ነበር። በቅጠሉ ላይ ብል የበላቻት ቀዳዳ አለች። በማጉያው ሳያት ሰማያዊው ቀለም በቀዳዳዋ ውስጥ ወርዶ ግድግዳዋን ቀብቷል። ብራናው መጀመሪያ ተሥሎ በኋላ ቢበላ ኖሮ የቀዳዳዋ ውስጥ ንጹሕ በሆነ ነበር። ብሏ ከልዑሉ በፊት ነው የበላችው።

ከዚያ የአልትራቫዮሌት መብራቱን አበራሁ። ካዚኖ በር ላይ የሐሰት መታወቂያ የምንይዝበት ዓይነት መብራት ነው፤ የተፋቀ ቀለም በእርሱ ሲታይ ጥላው ከብራናው ላይ ይነሣል። በመጨረሻው ቅጠል ጀርባ፣ በቢላ ከተፋቀው ቦታ፣ እንዲህ የሚል ወጣ፦ "ይህ መጽሐፍ የእኅቶች የሕሙማን ቤት ነው። እኔ አግነስ ዐይኔ እስኪደክም ጠበቅሁት። ቀጥለሽ የምትጠብቂው፣ ስምሽን ከስሜ ሥር ጻፊ።" ከሥሩ የሦስት ሴቶች ስም፣ በሦስት ዓይነት እጅ ተጽፏል።

መብራቱን አጠፋሁ። እነዚህ አራት ሴቶች የተፋቁት ለአንድ በሕይወት ላልነበረ ልዑል ቦታ ለመልቀቅ ነው። አዘንኩ፤ ተናደድኩም።

የቀረውን የባለቤትነት ታሪክ ከሌሎቹ ቅጠሎች ለቀምኩ። የእኅቶቹ ቤት ሲዘጋ አንድ የከተማ ሐኪም እንደገዛት በራሱ እጅ ጽፏል። ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ ምንም የለም። ከዚያ የአንድ መጽሐፍ ነጋዴ ወረቀት ሽፋኑ ላይ ተለጥፏል፤ የወረቀቱ ሰማያዊ ጠርዝና የጋሻው ሰማያዊ በመብራቱ ሥር አንድ ዓይነት ያበራሉ። ሠዓሊውን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በመጨረሻ እዚሁ ኔቫዳ የአንድ ከብት አርቢ ባልቴት ዘንድ ነበረች፤ ከእሷ ወራሾች ዳግ ገዛት።

ሁሉንም ጽፌ ለዳግ ሰጠሁት። አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

"ልዑሉ የታለ?"

"የለም።"

"ተካ፣ በዚህ መንገድ ላይ ፒራሚድ አለ። ወረድ ስትል የፓሪስ ግንብ አለ። የቬኒስን ጀልባ፣ ጎንዶላውን የሚቀዝፈው ልጅ የመጣው ከቴክሳስ ነው። ማን ጠየቀ?"

"ይኼኛው ሰው ላቲን ያስተምር ነበር።"

ዳግ መነጽሩን መልሶ አደረገ። "እንግዲያው በካርዱ ላይ ያለውን መግለጫ እኔ እፈርማለሁ፤ አንተ ካልጠየቁህ አትናገር። መጽሐፉ ተመልሶ ከመጣ ግን አንተም ወደ ካዚኖ በርህ ተመለስ" አለኝ። ሰባት ዓመት የጠበቅሁት ፊርማ እንዲህ ቀረ። ብፈርም ኖሮ ከነጋዴው ቀጥሎ ሁለተኛው ፋቂ እኔ እሆን ነበር።

ለሳምሶንም ነገርኩት። ክሊኒኩ ድረስ ሄጄ ነው የነገርኩት፤ አፉን የከፈተ በሽተኛ መካከላችን ተኝቶ ነበር።

"ጋሼ ፕሊስ" አለኝ፣ መሰርሰሪያውን እንደያዘ። "ሰውየው እኔን ሾው ኦፍ ነው ይለኛል። አሁን ውሸታም ከሆንኩ ፊኒሽ ነው። አንድ ቀን ብቻ ልዑል ይሁን።"

በሽተኛው በዐይኑ እኔን ይለምነኝ ነበር፤ ሳምሶን መሰርሰሪያውን እንዲያስቀምጥ መሰለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሊሞዚን ሾፌር የሆነው ጋሽ በቀለ በመኪናው ወሰደን። ጋሽ በቀለ ሊሞዚን ሲነዳም ሲናገርም አይቸኩልም። ሳምሶን ሽማግሌ ተከትሎ አይገባምና አየር ማቀዝቀዣው በርቶለት መኪናው ውስጥ ቀረ። እኛ ሁለታችን ነጠላ አጣፍተን ሄንደርሰን ካለው የጁሊያ አባት የሚስተር ሳልቫቶሬ ቤት ገባን። ጁሊያ ከአባቷ ጎን ቆማ ፈገግ አለችልን።

"ተቀመጡ" አለ ሚስተር ሳልቫቶሬ።

"አንቀመጥም" አለ ጋሽ በቀለ።

"ወንበሩ ንጹሕ ነው።"

"የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ መቀመጥ በእኛ ዘንድ ነውር ነው።"

ሚስተር ሳልቫቶሬ እንግዳ ቆሞ እሱ መቀመጡ ከበደውና ተነሣ። ሦስት ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ ቆመን ቀረን። ጋሽ በቀለ የልጁን ዘር መቁጠር ጀመረ። ሦስተኛው ትውልድ ላይ ሲደርስ የሳምሶን ቅድመ አያት ደጃዝማች ሆኑ። ሰውየው በቅሎ ነጋዴ እንደነበሩ ሟቹ የሳምሶን አባት ደጋግሞ አጫውቶኛል።

ሚስተር ሳልቫቶሬ ያመጣንለትን መጽሐፍ ከሣጥኗ አወጣ። ባዶ እጁን አስቀድሞ ታጥቦ ነበር፤ ያኔውኑ ፈራሁት። የመጨረሻውን ቅጠል ገልጦ የተፋቀውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

"ልጁ የልዑል ነበር ብሎኛል። ወረቀቱም እንደዚያው ይላል። የመረመሩት እርስዎ ነዎት አሉ። የማን ነበር?"

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ሳምሶን ነው፤ "ፕሪንስ!" ብሎ እንደጻፈልኝ ሳላየው አውቄዋለሁ። የሟች ጓደኛዬ ልጅ ትዳር በአፌ ላይ ነበር።

"የልዑል አይደለም" አልኩ። "የታመመ የሚያስታምሙ እኅቶች ነው።" አግነስን ነገርኩት፣ ሦስቱን ስሞች ነገርኩት፣ የብሏን ቀዳዳ አሳየሁት። ጋሽ በቀለ በአማርኛ "አበድክ እንዴ?" አለኝ፣ ፈገግታውን ሳያጠፋ።

"ከእኅቶቹ በኋላስ?"

"አንድ ሐኪም።"

"ከሐኪሙ በኋላ?"

"መቶ ዓመት ገደማ ባዶ ነው።"

"የት ነበር?"

"አላውቅም።"

ሚስተር ሳልቫቶሬ መጽሐፏን ዘጋ። ከዚያ ወደ ጋሽ በቀለ ዞረ። "ደጃዝማቹስ?"

ጋሽ በቀለ ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ነጠላውን አስተካከለ። "በቅሎም ይነግዱ ነበር" አለ።

ጁሊያ ሳቋ አመለጣት። አባቷ ልጁን እንድትጠራው ላካት። ሳምሶን ከመኪናው ሲወጣ በዚያ ሁሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆይቶ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ ነበር።

"መጽሐፉ የማን ነበር?" አለው ሚስተር ሳልቫቶሬ።

ሳምሶን አየኝ። አንገቴን ነቀነቅሁለት።

"የፕሪንስ አይደለም። ጋሼ ቀድመው ነግረውኝ ነበር። እንዲወዱኝ ፈልጌ ነው" አለ።

ሚስተር ሳልቫቶሬ የጥርስ መድኃኒቱን ገጽ ገልጦ ለራሱ አነበበና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ሲጨርስ ዐይኑን ጠረገ።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልገባቸውን ዓረፍተ ነገር በድፍረት የሚተረጉሙ ልጆች ሰማሁ" አለን። "'አላውቅም' ያለኝ ሰው የቀረውንም ሲነግረኝ አምነዋለሁ። እርስዎንም ከበቅሎው በኋላ አመንኩዎት። አንተ ልጅ፣ ነገር ሁለተኛ እንዳታሳምርልኝ።" ከዚያ ወደ ወንበሮቹ አመለከተ። "አሁን ተቀመጡ።"

ጋሽ በቀለ እንደ ወጣት ፈጥኖ ተቀመጠ።

ሰኞ ዕለት ሚስተር ሳልቫቶሬ ሱቁ ድረስ መጥቶ የዳግን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ መለሰ። መጽሐፉን ሳይሆን ወረቀቱን ብቻ ነበር የመለሰው። "አላውቅም ያለው ሰውዬ የጻፈውን ስጠኝ" አለው። ዳግ የእኔን መግለጫ አተመና እርሳስ ሰጠኝ፤ በእኛ ሱቅ በብራና አጠገብ ስክሪብቶ አይፈቀድም። ፈርሜ ለሚስተር ሳልቫቶሬ ሰጠሁት። በሳምንቱ መግለጫው በፖስታ ተመልሶ መጣ፤ ሚስተር ሳልቫቶሬ ሁለት የላቲን ስሕተቶቼን በቀይ አርሞ፣ ከፊርማዬ አጠገብ "ጥሩ" ብሎ ጽፎበታል።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ለአዳዲስ የካታሎግ ሠራተኞች የምለው አንድ ነገር ነው። በባለቤትነት ታሪክ ውስጥ የማታውቁት ዘመን ሲገጥማችሁ "አይታወቅም" ብላችሁ ጻፉና ወደሚቀጥለው ባለቤት እለፉ።