ከየረር ጫፍ የምትታየው ሮቶ

ሐሩን እሑድ እሑድ ሰው ወደ ተራራ ይወስዳል። ጫፍ ድረስ ግን አይወጣም፤ ግርጌው ላይ አራግፎ ይጠብቃል። ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ቢሮ ያላት ሔዋን የምትባል ልጅ የምትመራው የሃይኪንግ ቡድን አለ። ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተጣብቀው የዋሉ ልጆች ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዱላና ቦርሳቸውን ይዘው ሚኒባሱ ውስጥ ይታጨቃሉ። አንድ ሳምንት ዝቋላ ነው፣ አንድ ሳምንት ወፍ ዋሻ፣ የደጋው ብርድ ሲበረታ ደግሞ ወደ ቆላው ወርደው ፈንታሌ። እነሱ ሲወጡ እሱ ይቀራል። «ሹፌር ከመኪናው አይርቅም» የሚለውን ሕግ ያስተማረው ገና ከወሎ እንደመጣ የቀጠረው ባለ መኪና ነው፤ ሐሩንም አንድ ቀን ሻይ ልጠጣ ብሎ ዘወር ሲል ትርፍ ጎማውን ካሰረቀ ወዲህ ሕጉን አጥብቆ ይዞታል።

ስለዚህ የተራራ ጫፍ አያውቅም። የተራራ ግርጌ ግን እንደ እሱ የሚያውቅ የለም። ልጆቹ ላይ ድረስ ለፍተው፣ ፎቶ ተነስተው ሲመለሱ፣ እነሱ ያላዩትን እሱ ተቀምጦ አይቶት ይጠብቃቸዋል። ፈንታሌ ሥር፣ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከሚያልቅበት፣ ሳላዎች ቀንዳቸውን አቁመው የሚያልፉበትን ሜዳ ያውቃል። ከወፍ ዋሻ በታች ጉሬዛዎች ከጥድ ወደ ጥድ የሚዘሉበትን ጥግ ያውቃል። ዝቋላ ግርጌ ደግሞ ጥላዋ እስከ አሥር ሰዓት የማይሸሽ አንዲት ግራር አለችው።

እነዚህን ቦታዎች ያገኛቸው በሚስቱ በፈሂማ ብልሃት ነው ማለት ይቻላል። ፈሂማ ስንቁን ስትቋጥርለት ፔርሙሱ ጎን ሁልጊዜ ሁለት ኩባያ ነው የምታስቀምጠው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ትለዋለች። ሐሩንም ፔርሙሱን ከፍቶ አላፊ አግዳሚውን ይጠራል፤ ገበሬውን፣ የደን ጠባቂውን፣ እንጨት የተሸከመችውን ሴት። የምንጩንም የጥላውንም መንገድ ያሳዩት በሁለተኛዋ ኩባያ የጠጡ ሰዎች ናቸው።

ነገሩ የተበላሸው ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ሰው ወደ ተራራ መውሰድ በጀመረበት እሑድ እራት ላይ ነው። ፈሂማ የተወለደችው በር ሲከፈት ገደል ከሚታይበት የወሎ ደጋ ነው። ለሐሩን ተድራ ከመጣች ወዲህ ግን ከንጋት እስከ ምሽት የምታየው የሾላ ገበያን ሸራና የበርበሬ ጆንያዋን ብቻ ነበር። ያን ዕለት እራት አቀረበችና አገጯን በመዳፏ ደግፋ፣ «ከላይ ሆነው ሲያዩት ምን ይመስላል?» አለችው። ሐሩን ዓይኗን አየ። እንዲህ ባለ ዓይን ለምታየው ሴት «እኔማ መኪና ስጠብቅ ዋልኩ» ብሎ መመለስ አቃተው። ልጆቹ መንገዱን ሙሉ ሲያወሩት የሰማውን እየቀጣጠለ ነገራት። ዳመናው ከእግሩ በታች እንደነበር፣ ንፋሱ ኮፍያውን ሊነጥቀው እንደነበር። በሚቀጥለው እሑድም ጠየቀችው፤ በሚቀጥለውም።

የየረሩ ደግሞ ባሰ። የረር ከቦሌ ሚካኤል፣ ከእነሱ ደጃፍ፣ ወደ ምሥራቅ ሲያዩ የሚታይ ተራራ ነው። «ከጫፉ ላይ ቤታችን ትታያለች፣ ጣሪያው ላይ ያለችው የውሃ ሮቶዋ ሳትቀር» አላት ዓይኑን በጨው አጥቦ። ፈሂማ በማግሥቱ ለጎረቤቷ ለእትዬ ወለተማርያም አወራች፤ እትዬ ወለተማርያም ለዕድርተኛው ሁሉ አዳረሱት። ሐሩን በሰፈሩ ተራራ ወጪ ሆኖ ቀረ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሱ ግን በየሳምንቱ አንድ ተራራ ይጨመርበት ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ሐኪም የፈሂማን ጉልበት አየና፣ ደረጃና ዳገት በጊዜ እንድትተው፣ ወደፊት ኦፕራሲዮን ሳያስፈልጋት እንደማይቀር ነገራት። ፈሂማ አላለቀሰችም። ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ሻርፗን አስተካከለች።

«ሐሩን፣ ሳይብስብኝ የረርን አሳየኝ።»

«ዳገት ተይ አላለሽም እንዴ ሰውየው?»

«በጊዜ ተይ ነው ያለኝ። ገና ጊዜ አለኝ።»

ሐሩን መኪናውን አስነሳ። ትቆጣኛለች ብሎ አልፈራም፤ ቁጣዋን ለምዶታል፣ እንደ ሰኔ ዝናብ ጥሎ ያባራል። የፈራው ሌላ ነው። ውሸቱ ከታወቀ ወዲያ ፈሂማ እሑድ ማታ አገጯን ደግፋ አትጠይቀውም። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቃት ሰዓት ያቺ ነበረች።

ለሔዋን ደወለና የየረር ጫፍ መንገድ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቃት።

«ጋሽ ሐሩን፣ ሲሪየስሊ? ስንቴ አድርሰውን መንገዱን አያውቁትም?»

«ዝም ብለሽ ንገሪኝ፣ የእኔ ልጅ።»

«ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። መጨረሻው ላይ በእጅም በእግርም ነው የሚወጣው። ለማን ፈልገው ነው?»

ሐሩን አመስግኗት ስልኩን ዘጋ።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ፈሂማ ሱቋን ለጎረቤት ነጋዴ አደራ ብላ ከጎኑ ተቀመጠች። ስንቁን ጭኗ ላይ ይዛለች። ሐሩን አቃቂን ሳልፍ እነግራታለሁ አለ፤ አቃቂ አለፈ። ዱከም ስደርስ አለ፤ ዱከም ላይ ወደ ግራ ታጠፈ። ፈሂማ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ቢጫ የለበሰውን የጤፍ ማሳ ታያለች፣ ነፋሱን ትስበዋለች፣ «አገሬ አገሬ ይሸታል» ትላለች። እሷ ደስ ባላት ቁጥር የእሱ ምላስ ይተሳሰራል።

አስፋልቱ አልቆ አቧራማው መንገድም ካለቀ በኋላ ሁልጊዜ የሚቆምበት ዋርካ ሥር ደረሱ። ሞተሩን አጠፋ። ፈሂማ ቀስ ብላ ወርዳ ዙሪያውን ቃኘች።

«ምንጩ በስተቀኝ ነው» አለች። በስተቀኝ ነበር። «ድንጋዩ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፣ አንዱ ጥጉ የተሸረፈ።» ሄዳ የተሸረፈውን ጥግ በእጇ ዳሰሰችውና ተቀመጠችበት።

«ፈሂ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ» አለ ሐሩን።

ሳይጨርስ ከማሳው ወዲያ አንድ ሽማግሌ ማጭዳቸውን እንደያዙ መጡ። ኦቦ ደገፋ ናቸው፤ በዚያች በሁለተኛዋ ኩባያ ከማንም በላይ የጠጡት እሳቸው ናቸው።

«ሐሩን፣ ዛሬ እሑድ ነው እንዴ?» አሉና ሴትዮዋን ሲያዩ ቆም አሉ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ፈሂማ ነሽ። ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ?»

ፈሂማ ደነገጠች። «ከየት ያውቁኛል፣ አባቴ?»

«ይሄ ሰው እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ካንቺ ሌላ ወሬ አለው እንዴ? በርበሬ ስትሸጪ ከሚዛኑ ላይ አንድ ጭብጥ እንደምትጨምሪ ነግሮኛል። ስትስቂ አፍሽን በሻርፕሽ እንደምትሸፍኚ ነግሮኛል። ሚስቴማ ይህችን ፈሂማን ሳላያት እንዳልሞት ትላለች።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እሷ ሾላ ገበያ ተቀምጣ ስሟ የረር ግርጌ ሲነሳና ሲወሳ መኖሩን አልሰማችም ነበር። ሳቋ መጣ፤ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ኦቦ ደገፋ «አላልኩም?» በሚል ዓይን ሐሩንን አዩት።

ሐሩን ሻዩን ቀዳ። ኦቦ ደገፋም ኩባያቸውን ተቀብለው፣ ክፉ ሳያስቡ፣ ጉዱን አወጡት።

«ልጆቹ ሲወጡ አንተም ውጣ፣ መኪናውን እኔ እጠብቅልሃለሁ ስለው አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም። ይኸው ይሄን ሁሉ ዓመት እግሩ ከዚህ ዋርካ አላለፈም።» ሻያቸውን ጨርሰው ሚስታቸውን ሊጠሩ ሄዱ።

ሐሩን ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። የጤፍ አጫጆች ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

«ፈሂ፣ እኔ…»

«ዝም በል» አለችው። ድምፅዋ ግን የቁጣ አልነበረም። «ስለ ጫፉ ስትነግረኝ ሁለት ቃል ነበር የምትለው። ዳመናና ንፋስ፣ ንፋስና ዳመና። ስለ ግርጌው ግን እራቱ እስኪቀዘቅዝ ታወራለህ። የምንጩን ድምፅ፣ የድንጋዩን ሽርፍ፣ የኦቦ ደገፋን ላም ስም ሳይቀር። ሰው አጣርቶ የሚያውቀው የተቀመጠበትን ነው። ገና በሁለተኛው ወር ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን በየሳምንቱ ትጠይቂኝ ነበር?»

«እንድታወራኝ ነዋ።»

«አሁንስ፣ አሳየኝ ያልሽኝ?»

«ጫፉን አሳየኝ መቼ አልኩህ? የምትቀመጥበትን ማየት ነው የፈለግኩት።»

ሐሩን ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ጺሙ ሸብቷል፣ ግን እንባው ሲመጣ ዘወር ማለት እንኳ አልቻለም። ፈሂማ የሻርፗን ጫፍ ሰጠችው፤ በርበሬ በርበሬ ይሸት ስለነበር የባሰ አስለቀሰው፣ ሁለቱም ሳቁ።

ኦቦ ደገፋ ከነሚስታቸው ተመለሱ። ኩባያ ስላነሰ ፈሂማና ሴትዮዋ በአንድ እየተቀባበሉ ጠጡ። ከዚያ ሽማግሌው ከምንጩ ጀርባ በሜዳማ ቀጭን መንገድ ወሰዷቸው። ፈሂማ ዱላዋን በአንድ እጇ፣ የሐሩንን ክንድ በሌላው ይዛ እያረፈች ሄደች። ወይራዎቹ ሲያልቁ ምዕራቡ ተከፈተ። ከተማዋ በጭጋግ ውስጥ ነበረች፤ ጣሪያ ከጣሪያ አይለይም። አንድ አውሮፕላን ክንፉን አዘንብሎ ወደ ቦሌ ወረደ።

«እዚያ ጋ ነን» አለ ሐሩን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውን ብቻ እየተናገረ። «ቤቷ ግን አትታይም።»

«አትታይም» አለች ፈሂማ፣ ክንዱን ሳትለቅ። አውሮፕላኑ እስኪጠፋ ቆመው አዩት።

ቦሌ ሚካኤል ሲደርሱ ገና ፀሐይ ነበር። እትዬ ወለተማርያም ደጃፋቸው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ሰፌዱን ወዲያ አሉት።

«እንዴት ሆንሽ፣ ልጄ? ጫፉ ላይ ወጣሽ?»

ሐሩን አቀረቀረ። ፈሂማ ጉልበቷን እያሻሸች የድንጋይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«እንዴታ፣ እትዬ። ቤታችን ታየችኝ፣ ሮቶዋ ሳትቀር። እንዲያውም ክዳኗ ተከፍቶ አይቼ ነው ፈጥነን የመጣነው።» ወደ ባሏ ዞረች። «በል እንጂ፣ ቆሻሻ ሳይገባባት ዝጋልኝ።»

እትዬ ወለተማርያም አማተቡ። ሐሩን መሰላል አምጥቶ ጣሪያው ላይ ወጣ። ክዳኗ ግጥም ብላ ተዘግታ ነበር። ድምፅ ሳያሰማ ቀስ ብሎ ከፈታት፤ ከዚያ እትዬ ወለተማርያም እንዲሰሙት አድርጎ መልሶ ዘጋት።